የሞተው ማን ነው?

ጭቃ ሹም ደምሌ የማያውቀው ነገር አልነበረም፤ ቢኖርም አላውቅም ብሎ አያውቅም። ስለዚህ በጃንሆይ ዘመን ከመስኮብ አገር የመጣ የከብት ሐኪም ስማዳ ሲደርስ፣ ደጅ ለደጅ የሚመራው ሰው ከእሱ ሌላ አልተገኘም። ሐኪሙ «ደስታ» የሚባለውን የከብት በሽታ በመርፌ ሊከላከል ነው የመጣው። አማርኛም ተምሯል፤ ሰው ለማጣላት የሚበቃ ያህል።

የመጀመሪያው ደጅ የወርቁ ነበር። ወርቁ ወገዳ ገበያ ሄዷል፤ ሚስቱ አሰለፈች ገብስ ታሰጣለች። ሐኪሙ ባርኔጣውን አውልቆ፣

«እዚህ ቤት ሞት ገብቷል አሉኝ። ማን ነው የሞተው?» አላት።

በሬያቸው ከሞተ ሰንብቷል። ነገር ግን ለበሬ «ማን» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በስማዳ ገና አልተወለደም። አሰለፈች ከቤት የወጣው ባሏ ብቻ መሆኑን አስባ ወደ ደምሌ ዞረች።

«አያ ደምሌ፣ ወርቁ ነው?»

ደምሌ ምንም አልሰማም። ግን ፈረንጅ የሰማውን ሞት ጭቃ ሹሙ አልሰማም ሊባል ነው? አንገቱን ደፍቶ፣

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ በርቺ» አለ።

መንደሩ በለቅሶ ተናወጠ። ደምሌም መሃል ገብቶ ደረቱን እየደቃ፣ ዕድሜ ልኩን በድንበር ሲከሰው የኖረውን ወርቁን «የአገር ዋልታ!» እያለ አለቀሰ። ሐኪሙ ለአንድ በሬ እንዲህ የሚያለቅስ ሕዝብ አይቶ ስለማያውቅ እንባ አቀረረ።

ከሰዓት በኋላ ወርቁ ጨው የጫነች አህያውን እየነዳ ደረሰ።

«ማን ሞተ?» አለ ደንግጦ።

«አንተ» አሉት።

«ማን ነው ያለው?»

ጣት ሁሉ ወደ ደምሌ፣ የደምሌ ጣት ወደ ሐኪሙ።

«እኔ የጠየቅሁት ስለ በሬው ነው!» አለ ሐኪሙ። «በእኛ ቋንቋ ነፍስ ያለው ሁሉ ‹ማን› ነው የሚባለው። ‹ምን› የሚባለው ድንጋይ ነው።»

«በእኛ ግን ከብት ‹ምን› ነው የሚባለው» አለ ወርቁ።

«ይቅርታ። የበሬው ስም ምን ነበር?»

«‹ስሙ ማን ነበር› ነው የሚባለው!» አለ ደምሌ፣ ማረም በመቻሉ ነፍሱ መለስ ብላ። «ቦራ ነበር።»

«ታዲያ ሲጠሩት ‹ማን›፣ ሲሞት ‹ምን›?» አለ ሐኪሙ።

ደምሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ሕጉ ነው» አለ።

ለቀስተኛው በባዶ ሆዱ እንዳይመለስ ደምሌ በግ እንዲያርድ ተፈረደበት። አሰለፈች ዓይኗ እንዳበጠ ሳቀች። ወርቁ የቀሩትን ከብቶቹን አስወግቶ፣ በገዛ ተዝካሩ እስኪጠግብ በላ።

በማግስቱ ደምሌ ብልህ ሆነ። ከወንዙ ማዶ ካለው የውባለም ቤት ሊደርሱ ሲሉ፣ ሐኪሙን ቀድሞ ሮጠና ከሩቅ ጮኸ፦

«አይዞሽ ውባለም፣ ሰው አልሞተም! ሰው አልሞተም!»

ሰው ሳይሞት «አይዞሽ» እያለ የሚሮጥ ጭቃ ሹም አይታ የማታውቀው ውባለም ይህን ስትሰማ ሰፌዷን ጥላ፣ ራሷን ይዛ እዬዬ ማለት ጀመረች።