የመጨረሻው ሃያ ስምንት ገጽ

በልብስ ስፌት ቤቱ ልብ ወለዱ አንድ፣ አንባቢው አምስት ሆነ። ቆራጩ ጋሼ መቀስ ደግሞ ለችግር ሁሉ የሚታየው መፍትሔ አንድ ብቻ ነው። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አንጋሎ በሜትር ለካና አምስት ቦታ ከፈለው። ምዕራፍ ይበጠስ፣ ዓረፍተ ነገር ይጎመድ፣ ግድ አልሰጠውም። መጽሐፉ ውኃ ነክቶት የተጨማደደ ስለነበር ባለካውያው አስቀድሞ ገጽ በገጽ ተኩሶ አቃንቶታል።

እያንዳንዱ የደረሰውን ያነብና ምሳ ሰዓት ላይ በተራው ያወራል። በኦቨርሎክ ማሽን የጨርቅ ጠርዝ የምትዘመዝመው ሴትዮ ግን ተራ መጠበቅ አልሆንላት ብሎ ሦስተኛውን ክፍል ከሁለተኛው በፊት ዘከዘከችው። እሷ አልቅሳ የቀበረችው ሽማግሌ በማግስቱ ኮሌታ ሰፊው በደረሰው በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሊያገባ ሽር ጉድ ሲል ተገኘ። ሁለቱ እስከ ዛሬ እንደተኳረፉ ናቸው።

የመጨረሻው ሃያ ስምንት ገጽ የደረሰው ለቁልፍ ተካይዋ ነው። አራተኛው ክፍል ደግሞ፣ ሰው የጠፋ ይመስል፣ ለባለካውያው። ባለካውያው ባሏ ነው፤ ወይም ነበር፤ ይህን ቆርጦ የሚናገር ገና አልተገኘም። አምና ሌላ ሴት ጋ ገብቶ ሰባት ወር ከከረመ በኋላ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። በሩን ስላልከፈተችለት እህቱ ቤት ሶፋ ላይ ያድራል። የሱ ካውያ ከሷ ጠረጴዛ ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው፤ "ሸሚዙ ደርሷል" የሚለው መልእክት ግን በኮሌታ ሰፊው በኩል ዞሮ ነው የሚደርሳት።

ሐሙስ ዕለት ባለካውያው ክፍሉን አወራ። የልብ ወለዱ ባል ከውሽማው ቤት ተባሮ፣ ዝናብ እየደበደበው፣ በሩን ያንኳኳል። ሚስቱ እጇን ወደ መቀርቀሪያው ትሰድና… እዚህ ላይ የጋሼ መቀስ መቀስ አልፏል። ሁሉም ዞሮ ቁልፍ ተካይዋን አየ። ጋሼ መቀስማ ሴትዮዋ ከከፈተች እናንተንም ነገ ዛሬ ሳልል አስታርቃችኋለሁ ብሎ ዛተ።

ቁልፍ ተካይዋ የደረሳትን ክፍል ወደ ቤት ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ አነበበችው። ሴትዮዋ ከፈተች። በሁለት ገጽ! አልቅሳ፣ አቅፋ፣ ፎጣ አምጥታ። ቁልፍ ተካይዋ "ፎጣ?" ስትል አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ቦታ ቀየረ። የተናደደችው በሴትዮዋ ብቻ አልነበረም። ባሏ ናፍቋታል፤ መናፈቋንም ጠልታዋለች። በዚህ ላይ ስፌት ቤቱ በሙሉ በአንድ ፎጣ ሊያስታርቃት አሰፍስፏል።

አርብ ምሳ ላይ አፏን ሞልታ ዋሸች። ሴትዮዋ መቀርቀሪያውን አጠበቀችው፤ ባልየው ሲረጥብ አድሮ ሄደ፤ እሷም በማግስቱ በሩን ቀለም ቀባችው አለች። ምን ዓይነት ቀለም ብለው ሲጠይቋት ሰማያዊ ብላ መለሰች።

ጋሼ መቀስ አልተዋጠለትም። እስቲ ገጹን አሳዪኝ ብሎ እጁን ዘረጋ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት፦ ሁሉንም ገጽ የተኮሰው ባሏ ነው። እሱ ደግሞ ሸሚዝ ላይ ያለውን የአጣጠብ መመሪያ እንኳ ሳያነብ አያልፍም። አሁን ያዋርደኛል ብላ አንገቷን ደፋች።

"ልክ ነች" አለ ባለካውያው። "ስተኩሰው አንብቤዋለሁ። አልከፈተችም።"

በዘጠኝ ዓመት ትዳራቸው ሰው ፊት ልክ ነች ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ያውም በውሸት። ጋሼ መቀስ እጁን ሰበሰበ፤ ኮሌታ ሰፊው ደራሲውን ሰደበ፤ ምሳው አለቀ።

ከሰዓት ቁልፍ የተከለችባቸውን ሸሚዞች ራሷ ይዛ ወደ ካውያው ሄደች።

"ዋሽተሃል" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ማን ጀመረው?"

"ሴትዮዋ ጅል ናት። እንደዛ ጠፍቶ የከረመ ሰው በሁለት ገጽ ይገባል?"

ካውያውን አቆመ። "በስንት ይገባል ታዲያ?"

ትንሽ አሰበች። "ከአራት መቶ አያንስም። ፎጣ የሚባል ነገርም የለም።"

ባለካውያው ሸሚዙን ዘርግቶ ኮሌታውን መተኮስ ጀመረ። "እኔ ድሮም ቀስ ብዬ ነው የማነበው" አለ። "ፎጣውን ከእህቴ ቤት ይዤ እመጣለሁ።"

ቁልፍ ተካይዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ከዚያም ኮሌታ ሰፊውን ጠርታ፣ ባለካውያው ከዛሬ ጀምሮ መልእክት ካለው ራሱ ያምጣ ብላ ላከችበት።