አንድ ጥሪ፣ አስራ አራት ሰው

ጓደኞቹ ሠንጠረዥ ነው የሚሉት፤ የጤና ቢሮው መረጃ ሠራተኛ ስለሆነ። ምሳ ላይ ማን ስንት እንደጎረሰ ይመዘግባል ብለው ያሙታል።

አለቃው አራቱ አካባቢዎች በሦስት ወር ውስጥ የቪዲዮ ሕክምናን ምን ያህል እንደተጠቀሙ አወዳድር አለው። ምን ችግር አለው? ማሽኑ ጥሪ ይቆጥራል፣ እሱ ይደምራል። አንደኛው አካባቢ ሦስት መቶ አስር ጥሪ። የመጨረሻው፣ ከተራራው ማዶ ያለው፣ አስራ ሦስት።

እዛ ያለችው ነርስ ደግሞ አክስቱ ናት። ሊደውልላት ስልኩን አነሳና "ለዘመዱ አዳላ" እንዳይሉት ፈርቶ መልሶ አስቀመጠው። ከአስራ ሦስቱ ጎን "ዝቅተኛ አጠቃቀም" ብሎ ጻፈ።

አለቃው ያንን አይቶ፣ የዚያ ጣቢያ የቪዲዮ ስክሪን ተነቅሎ አንደኛ ለወጣው አካባቢ ይሰጥ ብሎ ፈረመ። አምጣ የተባለውም እሱው ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሲደርስ የጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ሰው እስከ በሩ ቆሟል።

"መጣህ የኔ ልጅ? ዘመድ ነኝ ብለህ ወረፋ እንዳትጋፋ" አለችው አክስቱ እየሳቀች።

"ምንድነው ይሄ ሁሉ ሰው፣ እትዬ?"

"ኔትወርክ የሚገኘው ሐሙስ ሐሙስ ነው። አንዴ ሐኪሙን ካገኘሁት አልዘጋውም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ዛሬ አስራ አራት ናቸው።"

አስራ ሦስት ሐሙስ፣ አስራ ሦስት ጥሪ። የመጣበትን እየተንተባተበ ነገራት።

ሳቋ ጠፋ። "ደውለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?"

"አዳላ እንዳይሉኝ ብዬ..."

"እሺ፣ ለኔ አታድላ። እነዚህስ ምን አደረጉህ?"

ውጪ ወጥቶ ለአለቃው ደወለና ያየውን ነገረው። "ደብዳቤው ወጥቷል፣ የሚገጥመው ባለሙያም አንደኛ የወጣው ጣቢያ ሆኖ እየጠበቀህ ነው" አለው አለቃው። "የዓመቱ ሪፖርት ላይ ታስተካክለዋለህ።"

አስራ አራቱ እስኪያልቁ ጠበቀ። አክስቱ ስክሪኑን ራሷ ነቀለች፣ በአንሶላ ጠቅልላ አቀፈችው፣ ከዛ ሰጠችው።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ክንዱን ያዙት። እቃ ተሸክሞ ሲያዩት የጣቢያው ሠራተኛ መስሏቸዋል።

"ልጄ፣ ሐኪሙ በሳምንቱ ተመለስ ብሎኛል። ስንት ሰዓት ልምጣ?"

ጥቅሉን አጥብቆ ያዘ።

"እሷን ይጠይቋት፣ አባባ" አለና ወደ መኪናው ሄደ።