ለእናትም ጨምሩ

መምህር አሰፋን የዕድሜ ጥያቄ የሚባል ነገር ከሰለቸው ቆይቷል። የጣርማ በር ቀዝቃዛ ነፋስ እሱ እስከሚያስተምርባት ሸዋ ሮቢት አይወርድም። በግንቦት ከሰዓት፣ ቆርቆሮው ግሎ ራስ በሚበጠብጥበት ሰዓት፣ ስምንተኛ ክፍል ፊት ቆሞ «የአባት ዕድሜ የልጁን ሦስት እጥፍ ቢሆን» ማለት ራሱ አንድ ድካም ነው። ግማሹ ተማሪ ያዛጋል፤ ግማሹ በደብተሩ ያራግባል። እሱም ቢሆን የሚያራግብለት ቢያገኝ አይጠላም ነበር።

ስለዚህ መጽሐፉን ትቶ ጥያቄውን ከየቤታቸው እንዲያመጡ አደረገ። የራሳችሁን ዕድሜ ኤክስ በሉ፣ የእናታችሁን በኤክስ ግለጹ፣ ድምሩን ንገሩን፣ ከዚያ ሰሌዳ ላይ ፍቱት። አንድ ስሕተት ግን በየዓመቱ ይመላለስበታል። «ከአምስት ዓመት በኋላ» ሲባል ልጆቹ ለራሳቸው አምስት ይጨምሩና እናትየዋን እዚያው ይተዋታል። እናት የምታረጅ አይመስላቸውም። «ለልጅ ከጨመራችሁ ለእናትም ጨምሩ» ይላል ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ እያንኳኳ። ስንት ጊዜ እንዳለው እሱም አያውቀው።

ያን ቀን ተራው የሲሃም ነበር። ሲሃም በሒሳብ የክፍሉ አንደኛ ናት፤ አሰፋ ወንበር ስቦ እግሩን የሚያሳርፈው እሷ ሰሌዳ ስትወጣ ብቻ ነው። «እናቴ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ የሁለታችን ዕድሜ ሲደመር ሃምሳ አራት ነው» ብላ ጻፈችና ፈታችው። ሁለት ኤክስ አርባ አራት፤ ኤክስ ሃያ ሁለት። እናት ሠላሳ ሁለት።

«እናትሽ በአሥር ዓመቷ ነው የወለደችሽ?» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሲሃም ዞር ብላ የጻፈችውን አየች፤ ከዚያ ፊቷን በሻሽዋ ጫፍ ሸፈነች።

አሰፋ አልሳቀም። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ እንደሆነ ያውቃል፤ ሃያ ሁለቱ ከየት እንደመጣም ወዲያው ገብቶታል። ደላሎቹ ወደ ዓረብ አገር ለሚልኳት ልጅ አዲስ ዕድሜ ይሰጧታል፤ ስትጠየቅ እንዳትሳሳት ደግሞ ጧት ማታ ያስደግሟታል። ሲሃም በደንብ ከመልመዷ የተነሣ ሰሌዳ ላይም የመጣላት እሱ ነው። ለእናቷ የጨመረላት ግን የለም፤ ሠላሳ ሁለቱ እውነተኛ ዕድሜዋ ነው። አምና ከዚሁ ክፍል ሴቶች ልጆች ሲሄዱ አሰፋ ዝም ብሏል። ዘንድሮም ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ደክሞታልና። እግሩ ግን ወደ ገበያ ወሰደው።

እናቷ መሊካ ማሾ ትሸጣለች። ስታየው ከጆንያዋ ኋላ ተነሣች።

«ልጅቷ ነገረችዎት፣ ጋሼ?»

«አልነገረችኝም። ሒሳቡ ነው የነገረኝ። ሚኒስትሪ ደርሷል፤ ትፈተንና ከዚያ እንነጋገር።»

«በረራው ከዚያ በፊት ነው።»

«አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ መሊካ።»

«ጠፍቶኝ ነው? እኔው አይደለሁ የወለድኳት።» ማሾውን በጣሳ ዘገነች፤ መልሳ አፈሰሰችው። «እኔንም ሲድሩኝ እንዲሁ ጨምረውልኝ ነው። ደርሳለች አሉ፤ ደረስኩ። ወላሂ፣ አጠገቤ ብትሆን ጠልቼ አይደለም። አባቷ የለ፣ ዝናቡ ከድቶናል። ከእሷ ሌላ ማን አለኝ?»

አሰፋ አንድ ኪሎ ማሾ ገዛ። ማሾ እንደማይወድ ትዝ ያለው ቤቱ ሲደርስ ነው።

በሳምንቱ ሲሃም የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት ልትመልስ መጣች። ክፍሉ ባዶ ነበር። መጻሕፍቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሳትጠየቅ ወደ ሰሌዳው ሄዳ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ጻፈች። እናቴ በአሥራ ሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። ድምሩ ስልሳ አንድ። ኤክስ ሃያ ሁለት፤ እናት ሠላሳ ዘጠኝ።

«እርስዎ እንዳሉት ለእናቴም ሰባት ጨመርኩላት፣ ቲቸር» አለች። «አሁን ልክ ነው?»

አሰፋ ስሌቱን ከላይ እስከ ታች አየው። በማስተማር ዘመኑ ስሕተት ለማግኘት እንደዚያ የጓጓበት ቀን የለም። አላገኘም። ጠመኔውን ከእጇ ተቀበለና የልክ ምልክት አደረገበት።