ለሽማግሌው የመጣው መራራ ሻይ

ወንድሜ ሙርሹድ አገር የሚያውቀው ጸሐፊ ነው። ዋና ከተማችን ባኩ ውስጥ መንገድ ሲያቋርጥ ሾፌሮች መስኮት አውርደው «ሙርሹድ መምህር፣ ሰላም ነዎት?» ይሉታል፣ መምህር ማለታቸው ለአክብሮት ነው። ፓርላማ ገብቶ ወጥቷል። የአደባባዩን ዛፎች ሊቆርጡ የመጡ ጊዜ ግንድ አቅፎ ቆሞ አስጥሏል። ለእኔ ግን ያው ሙርሹድ ነው፤ ካልሲውን የት እንዳወለቀ የማያውቅ።

ይኼ ሰውዬ ነው እንግዲህ የልጄን ትዳር ገደል ሊከተው የነበረው!

ልጄ ኤልዳኒዝ ኑባርን ወደደ። ኑባር የማን ልጅ ናት? የሐጂባላ! እዚህ ሸኪ ከተማ ሐላዋ የሚባለውን ጣፋጭ ሠሪ ሞልቷል፣ እንደ ሐጂባላ ያለ ግን የለም። ወንድሜ ደግሞ አምና የስኳር በሽታ ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ። መድኃኒቱን እየዋጠ ዝም አይልም? የለም፣ ጋዜጣ ላይ ጻፈ! «ስኳር እኔን አልጋ ላይ ጣለኝ፤ የትውልድ ከተማዬም ሕዝቧን በጣፋጭ እየጨረሰች ነው» ብሎ። የሐላዋ ሠሪው ሰፈር ተንጨረጨረ። ገበያ ስወጣ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞርብኝ ጀመር።

«አንተ ሰው፣ ሌላ የምትጽፈው አጣህ?» ስለው፣ «እውነት ነው የጻፍኩት» አለኝ። እውነቱን ይዞ ይቀመጥ!

ባሌን አፈር ካለበስኩት ቆይቷል። ሽማግሌ ሆኖ የሚጠይቅልኝ ከሙርሹድ ሌላ ማን አለኝ? ባለፈው እሑድ እሱንና የሟች ባሌን ሁለት ታናናሽ ወንድሞች ይዤ ሄድኩ። የሽምግልናው ቀን የወንዶች ነው፤ እኔን ግን «አንቺ ቤት ቆዪ» የሚለኝ ወንድ ገና አልተወለደም። ኤልዳኒዝ በአዲስ ልብሱ ውጭ በር ላይ ቀረ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። የወንድሜን ክራቫት እያስተካከልኩ «ስለ ስኳር ትንፍሽ ብትል ወንድሜ አይደለህም» አልኩት።

«ሸህረባኑ፣ ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«ሕፃንማ ይሻላል።»

ሐጂባላ በወጉ ተቀበለን። ሙርሹድ ጉሮሮውን ጠርጎ ልጅቷን ጠየቀ፤ መቼስ ንግግር ያምርበታል። በእኛ ወግ የአባትየው መልስ የሚመጣው ከጓዳ ነው። ልጃቸውን ከሰጡ ሻዩ ስኳር ተደርጎበት ይመጣል፤ ከከለከሉ መራራውን። ቃል የሚያወጣ የለም። ቀድሞ የሚቀምሰውም ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ነው፤ እሱ ሳይጠጣ ማንም ብርጭቆ አይነካም።

ትሪው ገባ። የልጅቷ እናት ለሙርሹድ በእጇ አንስታ ሰጠችው፣ ለእኛም አደለችን። ወንድሜ ፉት አለ።

ፊቱ ተለወጠ። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መራራ ነው» አለኝ። ያን ውጭ የቆመ ልጄን ምን ብዬ አየዋለሁ?

ሙርሹድ ተነሣ። «ሐጂባላ፣ ገብቶናል። ቤታችሁን ይባርከው። የጻፍኩት እኔ፣ የተቀጣው ልጁ። ምን ይደረጋል» አለ።

ሐጂባላ አፉን ከፍቶ ቀረ። የባሌ ወንድሞችም ተነሡ። እኔ ብሽቀት አንቆኛል። አፌን ብከፍት ሰፈሩ በሙሉ እንደሚሰማኝ ስለማውቅ፣ አፌን ለመያዝ ብዬ ብርጭቆዬን አንስቼ ግጥም አደረግኩት።

ጣፋጭ! ያውም ጥርስ የሚያጣብቅ!

«ቁጭ በል አንተ!» ብዬ ኮቱን ጎተትኩት። «ጣፋጭ እኮ ነው!»

«የቱ?»

«የእኔ! እናንተም ቅመሱ እንጂ፣ ምን ይገትራችኋል!»

ቀመሱ። የባሌ ወንድሞች ሁለቱም «ጣፋጭ ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የልጅቷ እናት ወደ ጓዳ ዞራ «ኑባር! ምን አድርገሽ ነው?» ብላ ጮኸች።

ልጅቷ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፣ እንባዋ ወርዷል። «ለሁሉም ስኳር አድርጊ ብለሽኝ ነበር፣ እማዬ። የእሳቸውን የተውኩት እኔ ነኝ። ሆስፒታል ሆነው ያዩትን ጽፈው አንብቤው… እጄ እምቢ አለኝ። እንዴት እያወቅኩ ላሳምማቸው?»

«የሐላዋ ሠሪ ልጅ!» አለ ሐጂባላ፣ ሊቆጣ ሲል ሳቁ አመለጠው።

ሙርሹድ ግን አልሳቀም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «አርባ ዓመት ስጽፍ መንግሥት አልሰማኝ፣ ይቺ እህቴ አልሰማችኝ። ያልኩትን አንብቦ እሺ ያለኝ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ አንጀቴን በላኝ።

«ይሁን፣ ግን» አለ ሐጂባላ እያመነታ፣ «ትልቁ ጣፋጩን ካልጠጣ ቃሉ አይጸናም።»

ሙርሹድ እጁን ትሪው ላይ ወዳለው ስኳር ሰደደ። እጁን መታሁት።

«ትልቁ ማነው? ይኼን ሰውዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ! እነዚህ ሁለቱም ከእኔ ያንሳሉ። ከመጣነው ሁሉ ትልቋ እኔ ነኝ፤ ጠጥቻለሁ፣ ጨርሻለሁ!» ብዬ ባዶውን ብርጭቆ ገልብጬ አሳየሁት።

ሐጂባላ ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ። ሴት ሽማግሌ ዕድሜ ልኩን አይቶ አያውቅም። ከዚያ ሙርሹድን አልፎ መጣና ሁለት እጁን ለእኔ ዘረጋ።

«እትዬ ሸህረባኑ፣ ልጃችን ልጅዎ ናት» አለኝ።