ከመላክሽ በፊት ሰለዋት

እኔ ኑሪያ ስቆጣ ጎረቤት ይሰማል። ደስማ በሚባለው የኩዌት ሰፈር የምሠራላት ማዳሜ እንኳ በስልክ ሳወራ ስትሰማኝ "ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?" ብላ ከክፍሏ ትወጣለች። ታዲያ ኩዌት ያሉት የወሎ ሴቶች ተሰብስበው የኢንተርኔት ሥነ ምግባር አስተማሪ አድርገው የሾሙት ማንን መሰላችሁ? እኔን! ጉድ እኮ ነው።

ነገሩን ያመጣው ኮሮና ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የማዳም ልጅ ሳሎን ቁጭ ብላ በታብሌት ስትማር፣ እኔ አጠገቧ ልብስ እተኩስ ነበር። አንድ ቀን አስተማሪዋ ስለ ኢንተርኔት አደጋ ስታወራ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። በስልክ የሚመጣላችሁን ቁጥር ለማንም እንዳትሰጡ፣ ፎቷችሁን በየቦታው እንዳትለጥፉ፣ ተናዳችሁ እንዳትጽፉ ትላለች። ወላሂ፣ እኛን እያየች የምትናገር ነው የመሰለኝ! የኛ ልጆች እኮ ከማዳም ኩሽና ቆመው ላይቭ ይገባሉ፣ ማዳም ፀጉሯን ገልጣ ከኋላ ስታልፍ ሀገር ምድሩ ያያታል። በዚህ ስንቷ ከሥራ ተባራለች።

የሰማሁትን ለግሩፓችን በድምፅ ነገርኳቸው። "እትዬ ኑሪያ፣ ድገሚልን" አሉ። በዚያው አርብ አርብ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ማዳም ስትተኛ፣ በግሩፕ ጥሪ ትምህርት ጀመርን። ፈትያ የምትባል አፏ የማያርፍ ልጅ "ኡስታዛ" የሚል ስም አወጣችልኝና እሱው ጸደቀ።

አረቧ አስተማሪ "ስትናደዱ እስከ አስር ቁጠሩ" ነበር ያለችው። የወሎ ሰው ተናዶ መቁጠር የት ያውቃል? እኛ ጋ ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌው "ሰለዋት አውርዱ!" ይላል፤ በነቢዩ ላይ ሰለዋት እያወረደ የሚሳደብ ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ ሕጉን ለወጥኩት። ማንኛዋም ተማሪ ከመላኳ በፊት ሰለዋት ታወርዳለች፣ ከዚያ በኋላም የምትለው ካላት ትልካለች። አብዛኛው ሳይላክ ይቀር ነበር።

"ፊታችሁንም ከፕሮፋይል አንሱ" አልኳቸው። ታዛዦች ናቸው፣ በዚያው ቀን አነሱ። ግን ሁሉም ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ቀይ ጽጌረዳ! ስማቸው ድሮውንም "ሁሉም ያልፋል"፣ "ስደት አስተማረኝ"፣ "የእናቷ ናፋቂ" ነው። አሁን መልካቸውም አንድ ሆነና እኔ ራሴ ማን ማን እንደሆነች ጠፋብኝ። ስለዚህ ሌላ ሕግ ጨመርኩ፤ ስም አይታመንም፣ ፎቶ አይታመንም፣ ድምፅ ስሙ።

ከተማሪዎቼ አንዷ መሕቡባ ናት፣ የባቲ ልጅ። ፋርዋኒያ የሚባል ሰፈር ከሌሎች ሴቶች ጋር ቤት ተጋርታ በጽዳት ሥራ ትኖራለች። አብዱሰላምን ያጨሁላት እኔ ነኝ፤ ፋሐሂል የሚባል ሌላ ሰፈር የሚሠራ ሹፌር፣ ዓይነ አፋር፣ ሶላቱን የማያጓድል። "ለሱ እኔ ዋስ ነኝ" ብዬ ለአባቷ በስልክ ቃሌን ሰጥቻለሁ። የጋብቻው ቀን ሲቆረጥ ፋርዋኒያ በበሽታው ምክንያት ታጥራ ሰው መግባትና መውጣት ቀረ። ሽማግሌዎቹ መክረው ኒካሁ በቪዲዮ ይታሰር አሉ፤ እሷ ከፋርዋኒያ፣ እሱ ከፋሐሂል፣ አባቷና ሼሁ ከባቲ።

ኒካሁ ሊታሰር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ትምህርት ላይ ሳለን መሕቡባ እያለቀሰች ጥሪው ውስጥ ገባች።

"እትዬ ኑሪያ፣ ይቅርብኝ። አላገባውም።"

"ምን ሆነሽ?"

"አብዱሰላም ጻፈልኝ። ፀጉርሽን ገልጠሽ ፎቶ ላኪልኝ አለኝ። እምቢ ስለው፣ ካልላክሽ ኒካሁ የለም አለኝ።"

ያ አላህ! ደሜ ፈላ። እኔ ዋስ የሆንኩለት ሰው! ስልኩን አፌ ላይ ደቅኜ የእሱ ቤተሰብ፣ አጎቶቹም ሼሁም ያሉበት ግሩፕ ውስጥ ድምፅ መቅዳት ጀመርኩ። "አንተ ባለጌ! አንተ አሳዳጊ የበደለህ! የሰው ልጅ ገላ ገበያ ላይ የወጣ ከብት መሰለህ?" እናቱንም አልማርኩ። ቀድቼ ጨረስኩ፤ የቀረው መላኪያውን መንካት ብቻ ነው።

"ኡስታዛ!" አለች ፈትያ ከግሩፕ ጥሪው። "ሰለዋት!"

"ዝም በይ አንቺ!"

"አልልም! ራስሽ ነሽ ያስተማርሽን። ሰለዋት!"

ሌሎቹም ተከተሏት። ስልኩ ውስጥ "ሰለዋት! ሰለዋት!" የሚል ጩኸት ሆነ። ምን ላድርግ? ተማሪ ሲያዝዝ አስተማሪ እምቢ አይል። ጥርሴን ነክሼ አንዴ አወረድኩ። ሁለተኛውን ሳወርድ ጣቴ ከስልኩ ላይ ተነሳ። ሦስተኛው ላይ፣ የገዛ ትምህርቴ ትዝ አለኝ፤ ስም አይታመንም፣ ፎቶ አይታመንም፣ ድምፅ ስሙ።

"መሕቡባ፣ ድምፁን ሰምተሻል?"

"አይ፣ ጽሑፍ ነው።"

በማዳም የቤት ስልክ ደወልኩለት፤ የእጅ ስልኬን አጠገቡ ያዝኩት፣ ልጆቹም እንዲሰሙ። አብዱሰላም አነሳና ሰላምታውን ሲደረድር ድምፁ ምንም ያደረገ ሰው አይመስልም።

"ሰላምታው ይቆየን" አልኩት። "መጀመሪያ ፋሐሂል ሳገናኛችሁ መሕቡባ ምን አለችህ?"

አፈረ፤ በስልክ እንኳ ያስታውቃል። "እትዬ፣ ምነው? ... እኔ መናገር አቅቶኝ የያዝኩት አይስክሬም ጫማዬ ላይ ሲንጠባጠብ፣ 'ቀልጦ ሳያልቅ ተናገር እንጂ' አለችኝ።"

ከግሩፑ የመሕቡባ ለቅሶ ተሰማ፤ ለቅሶ ይሁን ሳቅ አልለየሁም።

"እሱ ነው፣ እትዬ!" አለች።

"ታዲያ ምን አባህ ነው የምትጽፍላት?"

"ኧረ እኔ አልጻፍኩም! ስልኬ ከትናንት ጀምሮ ከአካውንቴ አስወጥቶኛል። መሕቡባ አዲስ ስልክ ገዛሁ ብላ ጻፈችልኝ፤ ስልክህ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ላክልኝ ስትለኝ ላክሁ። ጽጌረዳዋን አይቼ እሷው ናት ብዬ ነው።"

ጽጌረዳዋን! ውይ ሞቴ፣ ያቺን ጽጌረዳ ያስተከልኩት እኔው ነኝ። ሌባው በእሷ አበባ ተከልሎ የእሱን አካውንት ወስዷል፣ አሁን ደግሞ በእሱ ስም ሊያስፈራራት ነው የመጣው። ያን ድምፅ ልኬው ቢሆን የዚህን ምስኪን ልጅ እናት በሼሁ ፊት ሰድቤ፣ ትዳሩንም በገዛ እጄ አፍርሼ ነበር። ቶሎ ብዬ ድምፁን አጠፋሁት።

ፈትያ ሌባውን መሳደብ ፈለገች። "አይሆንም" አልኳት። "እሱ መልስ ነው የሚፈልገው። ጽሑፉን ፎቶ አንሱ፣ ሪፖርት አድርጉ፣ ብሎክ።" ግሩፑ በሙሉ ተረባረበበት። አብዱሰላምም አዲስ የመግቢያ ቁጥር አስልኮ፣ ይኼኛውን ለማንም ሳይሰጥ፣ ከሁለት ቀን በኋላ አካውንቱን አስመለሰ። ልጆቹም ጽጌረዳቸውን ነቅለው አንዷ ጀበና፣ አንዷ ድመት፣ ፈትያ ደግሞ ከማን አንሼ ብላ ግመል አደረገች።

አርብ ደረሰ። መሕቡባ ነጭ ሂጃብ አድርጋ፣ ዓይኗን ሰብራ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሼሁ ከባቲ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጄ መሕቡባ፣ አብዱሰላምን ወደሻል?" አሉ።

ዝም።

"ወደሻል ወይ?"

አሁንም ዝም። ሼሁ ፈገግ አሉ። "አልሐምዱሊላህ። የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው። እንቀጥል።"

"ይቅርታ ሼህ" አለ አብዱሰላም። ያ አይስክሬም ሲቀልጥበት ቃል ያልወጣው ልጅ! አጎቶቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩት። "ዝምታዋ እሺታ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከዚህ ወዲያ ድምፅ ሳልሰማ አላምንም።"

የመሕቡባ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፅ ግን የለም።

"ማይኩን ክፈቺው!" ብለን ሁላችንም ጮህን።

ከፈተችው።

"ሦስቴ እኮ ነው እሺ ያልኩት!" አለች።