የታቭክቬሪ አበባ

ኤልጉጃ የወይኑን አበባ በጣቱ ሲነካው እንደ ገለባ ረገፈ። ቀጣዩንም ነካ። እሱም ረገፈ።

ታቭክቬሪ የምትባለው ቀይ ወይን ሴት ናት፤ አጠገቧ ሌላ ወይን ካላበበ ፍሬ አትቋጥርም። ይህን የካርትሊ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። አባቱ በየመካከሉ ነጩን ወይን የተከሉት ለዚሁ ነበር። ኤልጉጃ ግን ማሳው ሁሉ ቀይ እንዲሆንለት ብሎ ነጮቹን በብርዱ ወራት ነቀላቸው። ነፋሱ ከጎረቤቱ ከኦትያ ማሳ የአበባውን ብናኝ ያመጣልኛል ብሎ ነበር። ነፋሱ ቀረና ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ወረደ።

ያኔ ነጮቹን ሲነቅል ኦትያ አጥሩን ተደግፎ፣ "ወንዶቹን ነቅለህ ሴቶቹን ለማን ልትድር ነው?" ብሎ አላገጠበት።

"ያንተዎቹ አሉ አይደል? እነሱ እንኳ እንደ ጌታቸው መካን አይደሉም" አለው ኤልጉጃ፣ ሰው ፊት። ኦትያና ሚስቱ ናኒ ልጅ አልወለዱም። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላምታ የለም።

አሁን የኤልጉጃ ሚስት ማክቫላ ከኋላው መጣች።

"ቋጥሯል?"

"ታች በኩል ትንሽ አለ።"

"አትዋሸኝ።"

ልጃቸው ኬቶ ከመጪው ፋሲካ በኋላ ታገባለች፤ መሬት ውስጥ የተቀበረው ጋን የሚሞላው ከዚህ ማሳ ነው። በጆርጂያ የልጁን ሰርግ በተገዛ ወይን የደገሰ አባት፣ ወሬው እስከ ዕለተ ሞቱ ይከተለዋል።

"ከኦትያ ነጭ ወይን አበባ ቆርጬ በእኛዎቹ ላይ ብሰቅል ግማሹ ይተርፋል" አላት። "ግን ዛሬ ነው። ነገ ይረግፋል።"

"የምትቆርጠው እኮ የሰውዬውን ዘለላ ነው። በየትኛው አፍህ ትለምነዋለህ?"

ኤልጉጃ ቅርጫቱን አንስቶ ሄደ።

ኦትያ ሐረግ እያሰረ ነበር። ቅርጫቱን አየ።

"ወንዶቼን ፈልገህ ነው?"

"አዎ። ግን መጀመሪያ ስለዚያ ክፉ ቃሌ ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት።"

ኦትያ ቋጠሮውን አጥብቆ ጨረሰ።

"እኔ ችዬዋለሁ። ናኒ ናት ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ያለበት መሄድ የተወችው፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ።" መቁረጫውን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት። "በል ቁረጥና ሂድ። ፀሐዩ አይጠብቅህም።"

ኤልጉጃ መቁረጫውን ተቀበለ። ፀሐዩ ከኮረብታው በላይ ወጥቷል፤ ነጩ ወይን ሁሉ አብቦ ያውዳል። ከአጥሩ ማዶ ማክቫላ ቆማ ታየዋለች።

መቁረጫውን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠ፤ ቅርጫቱንም ከሐረጉ ሥር። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ናኒ በር አቀና።