የኖኅ ሁለተኛ ዓይን

አባቴ ካኮረፈኝ አራት ወር ሆነው።

ምክንያቱ አንድ ሥዕል ነው። የኖኅን መርከብ እንጨት ላይ ቀርጬ አተምኩ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ መርከቡ የሚገቡት የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ናቸው፤ አንዱ ከአማቹ፣ አንዱ ከጸሐፊው ጋር። ዝሆኑና ፍየሏ ተራ ቁጥር እንደያዙ ውኃው ጉልበታቸው ደርሷል። ኖኅ በሩ ላይ በግፊያ መሐል ሆኖ እጁን ወደ ፍየሏ ዘርግቷል። ለኖኅ የአባቴን ፊት ሰጠሁት። ደግ ሰው ሳስብ ሌላ ፊት አይመጣልኝም።

ዐውደ ርእዩ ላይ ሰው ሁሉ ሲስቅ አባቴ ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስደውል ስልኩን የምታነሣው እናቴ ናት።

«ተኝቷል» ትለኛለች፣ በቀትር።

በመጽሐፉ ያላገጥኩ መስሎት ነው ብዬ ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥል የኖረ ሰው ነው። የምስቀው በኃላፊዎቹ እንጂ በቃሉ አይደለም የሚል ረጅም መልስ አዘጋጀሁ፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኳቸው ቃላት የበዙበት። የሚሰማኝ ግን አጣሁ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ፣ እናቴ ነገረችኝ እንዳትይ» አለች። «ስለ መጽሐፉስ ምንም አላለ። እንዲያውም ፍየሏ አስቃዋለች። ‹ምን በደልኳት፣ በአንድ ዓይን የሣለችኝ?› ነው የሚለው።»

ያኔ ገባኝ። በአባቴ ግድግዳዎች ላይ ደጋጎቹ ፊታቸውን ሙሉ ይሰጡናል፤ ሁለት ዓይን አላቸው። ክፉዎቹ ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይታያሉ። ይህን ፊደል ሳልቆጥር ነው ያወቅኩት። ዩኒቨርሲቲ ግን ከጎን የታየ ፊት ከጎን የታየ ፊት ብቻ ነው። ረሳሁትና ኖኅን ከጎን ሣልኩት።

በማግስቱ ማተሚያ ክፍላችን ውስጥ ለቀለሜ ነገርኩት። ቀለሜ የምንለው እጁ ከቀለም ጠርቶ ስለማያውቅ እንጂ ጎበዝ ተማሪ ስለነበረ አይደለም።

«እንጨት አንዴ ከተቀረጸ አይመለስም» አለኝ። «ጭንቅላቱን ቆርጠን እናወጣና ሌላ እንጨት እንሰካለታለን። ቀላል የዓይን ቀዶ ጥገና ነው።»

«አትቀልድ።»

«አንቺስ ቀልደሽ አይደል እዚህ የደረስሽው?»

አዲሱ እንጨት ልክክ ብሎ ገባ። እርሳስ አንሥቼ አባቴን ፊት ለፊት ልሥለው ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። አፍንጫውን፣ ጆሮውን፣ ከጆሮው ሥር ያለችውን ጠባሳ አውቃለሁ፤ ሁሉንም ከጎን። ልጅ ሆኜ መወጣጫው ላይ ቀለም ይዤለት የምቀመጠው በስተቀኙ ነበር። እሱ ግድግዳውን ያያል፣ እኔ እሱን።

ቅዳሜ ጠዋት እንጨቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ እነ አባቴ ቤት ሄድኩ። አባቴ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ብሩሽ ያጥባል።

«አባዬ።»

ሌላ ብሩሽ አነሣ።

«ልከራከር አልመጣሁም። ፊትህን አላውቀውም። እስቲ አንዴ ወደ እኔ ዙርልኝ።»

ማጠቡን አላቆመም። በኋላ ውኃውን ደፋና፣ «እዚህ ብርሃን የለም» አለ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጎተተው። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሕፃን ቀጥ ብሎ ተቀመጠና አየኝ።

ግራ ዓይኑ ከቀኙ ትንሽ ያንሳል። እርሳሴን ሳላነሣ ብዙ ቆየሁ፤ እሱም አላስቸኮለኝም።